ከቦሌ እስከ ደለስ፦ የበረራ ርቀትና ጊዜ አጭር ጥናት

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ላይ ሊቃውንት አይከራከሩም፤ ይህ ጥናትም አይነካውም። ያላለቀው ክርክር የጊዜው ነው።

አንደኛ፣ መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃና መመለሻው እኩል አይፈጅም። ከደለስ የተነሳ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ ይገባል። ከቦሌ የሚነሳው ግን እንደ ደብሊን ያለ ከተማ ወርዶ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል፤ መንገዱም 16 እና 17 ሰዓት ይወስድበታል። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም አቅም ያንሳቸዋል፤ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ያስቸግራል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱ ከፊት ነው። በርበሬና ሽሮ ስለታጨቀባቸው ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ግን አንዳች አይናገሩም። ጥናቱ ይህን ዝምታ በአክብሮት መዝግቦ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ የመለኪያ ችግር አለ። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ግን ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ፣ በበጋቸው እዚያ እኩለ ቀን 12 ሲል እዚህ ከምሽቱ 1 ይላል። ሰዓቱን ሳይቀይር የሄደ መንገደኛ የሚሳሳተው በአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ በሁለት ነው። ውቅያኖስ መሻገርን በዚህ መጠን ያቃለለ መሣሪያ ለምርምር አይታመንም። ስለዚህ የዘመን መቁጠሪያን መርጠናል።

ውጤቱ እነሆ። በጥር 2018 ከቦሌ የተነሳ ሰው ደለስ ሲወርድ ዘመኑ 2026 ነው፤ በረራው 8 ዓመት ፈጅቷል። ርቀቱ ለዚህ ሲካፈል በቀን 4 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የተጫነች በቅሎ ይህን ረፋዱ ሳይደርስ ትጨርሰዋለች። በጥቅምት የተነሳ ግን 7 ዓመት ብቻ ይበቃዋል፤ አብራሪዎች የፊት ነፋስ በፈረንጆቹ ክረምት ይበረታል ማለታቸው ከዚህ ግኝት ጋር ይስማማል።

መመለሻው ከዜሮ በታች ነው፤ በጥር የተመለሰ መንገደኛ ከመነሳቱ 8 ዓመት ቀድሞ ይደርሳል። ይህም ሆኖ ዘመዶቹ ከእሱ ቀድመው አበባ ይዘው ቆመው ይገኛሉ። ምክንያቱ ሌላ ጥናት ይጠይቃል።

ለመንገደኞች የምንሰጠው ምክር አጭር ነው፦ መሄጃውን በጥቅምት፣ መመለሻውን በጥር የቆረጠ ሰው የአንድ ዓመት ዕድሜ ያተርፋል። ትርፉን ግን በኢሚግሬሽን መስኮት አያንሳ፤ ፓስፖርት ላይ የልደት ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።