ተቀምጦ ስለ መንቀሳቀስ

የሰው አካል እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚመረምረው ኪኔሲዮሎጂ በካናዳ ክብር ያለው ትምህርት ነው፤ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1967 ራሱን የቻለ ክፍል ከፍቶለታል። ዶክትሬቱን በትርፍ ጊዜ መማር የሚፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ትርፍ ጊዜው ከየት እንደሚገኝ ግን ማመልከቻው አይጠይቅም።

የማስተርስ ዲግሪው፣ የድጋፍ ደብዳቤው፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ቀላሉ ነው። ዋናው «አማክርሃለሁ» የሚል ፕሮፌሰር ማግኘት ነው። የሰውን የምላሽ ፍጥነት በሚሊሰከንድ የሚለካ ሊቅ ለኢሜይልዎ በሦስተኛው ወር ቢመልስ አይግረምዎ።

ከተገባ በኋላ ኮርስ አለ፣ አጠቃላይ ፈተና አለ፣ የጥናት ዕቅድን ቆሞ መከላከል አለ። (መቆሙ እንኳ ለጤና ነው።) የሥነ ምግባር ቦርዱ ደግሞ ትሬድሚል ላይ የሚሮጡት ፈቃደኞች እንዳይጎዱ አጥብቆ ይጠይቃል፤ ሌሊቱን ተጎንብሶ ስለሚጽፈው ተማሪ ወገብ የሚሞላ ቅጽ ግን የለም።

ተመራማሪው ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት፣ ተቀምጠው የሚውሉት የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮች የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ከሚውሉት ትኬት ቆራጮች ይልቅ በልብ ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ተማሪያችን ይህን ጥናት በቃሉ ይወጣዋል፤ ያነበበው ወንበሩ ላይ ተሰፍቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። የትርፍ ጊዜው ዕጩ ዶክተር ይህን የሚያሟላው ከሥራ ወደ ክፍል ሲሮጥ ነው፤ የምዝገባ ክፍያ ቀን ሊያልፍ ሲል ደግሞ ከተመከረውም ያልፋል።