ኮድ አንባቢው በዛ፣ ሞተር አድማጩ ጠፋ

ዘንድሮ ዳላስ ውስጥ መካኒክ ያልሆነ ሐበሻ የለም። ድሮ፣ ታክሲ በምነዳበት ዘመን፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ መኪናው የተንኳኳበት ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ይቆማል፤ ሰው ይከበዋል፤ ሁሉም ጆሮውን ያቀርባል፤ ሁሉም የተለያየ ነገር ይሰማል። ክርክሩ እስከ ጭቅጭቅ ይደርስ ነበር፤ ቢሆንም ስለ ሞተሩ ነበር የምንጨቃጨቀው። የዛሬ ልጆች ኮፈን አይከፍቱም። ከመሪው ሥር አንዲት መሰኪያ ይሰኩና ስልካቸውን ያያሉ። «ጋሼ፣ ፒ0420 ነው» ይሉሃል። በቃ፣ አለቀ። ቁጥር ወጣ፣ ፍርድ ተሰጠ፣ ዕቃ ታዘዘ።

ቆይ እንጂ! ፒ0420 ምን አለ? ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በኋላ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር የሚያየውን አይቶ «ኮንቨርተሩ ጭሱን የሚገባውን ያህል እያጣራ አይመስልም» አለ። አይመስልም ነው ያለው። የጭስ ማውጫው ተበስቶ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ካንዴላ እየዘለለ፣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ኮንቨርተሩን እየገደለው ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ አዲሱንም ይገድለዋል። ኮንቨርተር ደግሞ ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ያለበት ዕቃ ነው፤ ሌባ መኪና ሥር ተንፏቆ የሚቆርጠው ለጽድቅ አይደለም። እኔ ስኳሬ ከፍ ያለ ጊዜ ሐኪሜ «ቆሽትዎን እንቀይር» አላለኝም። «አባባ፣ ምን ሲበሉ ሰነበቱ?» ነው ያለኝ። መካኒኮቻችንም እስቲ መጀመሪያ እንዲህ ይጠይቁ።

የእኔዋ ኮሮላ የ1993 ሞዴል ናት። (አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር ብጠራት በስም ሰባት ዓመት ታረጅብኛለች።) የተገጣጠመችው ፍሪሞንት፣ ካሊፎርኒያ ነው፤ ቶዮታና ጄኔራል ሞተርስ በ1984 በሽርክና በከፈቱት ፋብሪካ። ሽርክናው ፈርሶ ፋብሪካው በ2010 ተዘጋና ዛሬ ቴስላ ይመረትበታል። ጎረቤቴ ቴስላ የገዛ ዕለት ኮሮላዬን እያሳየሁ «መኪናህ ታላቅ እህት አለቻት፣ ይኸውልህ» አልኩት። አልሳቀም። ቶዮታም ቢሆን በ2017 የአሜሪካ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከካሊፎርኒያ ነቅሎ ፕሌኖ፣ እዚሁ አጠገባችን ሰፍሯል። እኔና ኮሮላዬ ቀድመነው ነው የመጣነው፤ ጉርብትና ያለበት እሱ ነው።

ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው ቢጫዋ የሞተር መብራት ስትበራ የእህቴ ልጅ መሰኪያውን ይዞ መጣና ከመሪዋ ሥር ተንበርክኮ ዳበሰ፣ ዳበሰ። «ጋሼ፣ መሰኪያ ቦታው የታለ?»

«ገና አልተወለደም» አልኩት።

ያ ባለ 16 እግር መሰኪያ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቋንቋ ነበረው። የእኔዋ የምትናገረው በብልጭታ ነው። ኮፈን ይከፈታል፤ አዎ፣ ይከፈታል! ሞተሩ አጠገብ ክዳኑ ላይ «ዲያግኖሲስ» የተባለ ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ፣ የቀዳዳዎቹም ስም ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ሁለቱን በወረቀት ክሊፕ ታገናኛለህ። ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ከከተትከው ፊውዝ ትበላለህ፤ መነጽሩን የረሳ ሰው አይሞክር። ከዚያ ቁልፉን ታዞራለህ፣ ሞተሩን ግን አታስነሳም።

ያን ጊዜ ቢጫዋ መብራት ትጀምራለች። ምንም ካላመማት ሳታቋርጥ ቶሎ ቶሎ ትጠቅሳለች። ካመማት ግን ትቆጥርልሃለች፦ ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ አጭር ዕረፍት፣ አምስት ጊዜ ብልጭ። 25 ማለቷ ነው። ሕመሟ ከአንድ በላይ ከሆነ ከትንሹ ቁጥር ጀምራ በየተራው ትዘረዝራለች፤ ስትጨርስ ትንሽ ታርፍና ላልሰማ ትደግማለች። እንዲህ ያለ የንግግር ሥርዓት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ እንኳ አይቼ አላውቅም።

አንድ አመል ግን አላት። ኤሲው ክፍት ሆኖ፣ ወይም ማርሹ ከፓርክ ወጥቶ፣ ወይም እግርህ ነዳጅ መስጫው ላይ ሆኖ ከጠየቅሃት 51 ትላለች። ሕመም አይደለም፣ «መጀመሪያ ሥርዓት ያዝ» ማለቷ ነው። እንግዲህ በነሐሴ አስቡት። የአገር ቤቱን ነሐሴ አይደለም የምላችሁ፣ ዝናብና የቡሄ ጅራፍ ያለበትን፤ የእዚህን፣ የጋርላንድን ነሐሴ ነው፤ ከ38 ዲግሪ በላይ፣ አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበትን። በዚያ ሙቀት ኤሲ አጥፍተህ፣ በር ዘግተህ፣ ብልጭታ ትቆጥራለህ። ፀሐይዋ ዳሽቦርዱ ላይ ስለምታርፍ ደግሞ ብልጭታው አይታይም። ምን ይደረግ? የባለቤቴን ነጠላ ተከናንቤ መሪው ላይ አቀረቀርኩ። ባለቴስላው ጎረቤቴ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ አየኝና መስኮቱን አንኳኳ፤ ደኅና ነህ ወይ፣ ሰው ልጥራልህ ወይ አለኝ። «እየቆጠርሁ ነው» አልኩት። ቀስ ብሎ ሄደ። ባለቤቴ ደግሞ ልማዷ ነው፣ ልክ ሁለተኛውን ቁጥር ስጀምር ከበር ላይ «አንተ ሰውዬ፣ ቡናው ቀዘቀዘ!» ትላለች። ሦስት ነበር ወይስ አራት? እንደገና ከሀ።

በመጨረሻ 25 ሆነ። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ለቤንዚኑ በዝቷል ማለት ነው፤ በአዲሶቹ መኪኖች ቋንቋ ፒ0171። ለምን እንደበዛ አትነግርህም። የቤንዚን ፓምፕ ደክሞ ይሆናል፣ ኢንጄክተር ተደፍኖ ይሆናል፣ ሴንሰሩ ራሱ አርጅቶ ይሆናል። የእህቴ ልጅ አንድ ጋራዥ ደውሎ ቁጥሩን ቢነግራቸው፣ መኪናዋን ሳያዩ የሴንሰር ዋጋ ነገሩት። እኔ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቁራጭ አመጣሁ። ሞተሩን አስነስቼ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን በየቱቦው ላይ ሳዞር «ስስስስ» የሚል ቦታ ተገኘ። የቴክሳስ ፀሐይ አድርቆ የሰነጠቀው ቀጭን የአየር ቱቦ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ስኒ ማኪያቶ አይበልጥም። ቀየርኩት፣ «ኢኤፍአይ» የሚለውን ፊውዝ ነቅዬ ጥቂት ጠብቄ መለስኩት፣ ኮዱ ተሰረዘ፣ መብራቷም ጠፋች። ጥበቡን ያመጣሁት ከአዲስ አበባ ነው። ሴይቼንቶ ስነዳ መካኒኬ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። ከዚያ «ሶማሌ ተራ ሂድና ይህን አምጣ» ይላል። ዕቃው እስኪገዛ ሻይ ይጠጣል፤ ሻይውንም እከፍላለሁ።

ይህችን ቢጫ መብራት የወለዳት የሎስ አንጀለስ ጭስ ነው። ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪና የጭስ መቆጣጠሪያውን ራሱ ይመርምር አለች፤ በኋላ ነገሩ አገር አቀፍ ሆነ። ስለዚህ በአዲሶቹም ላይ ብትሆን መብራቷ ከሁሉ በፊት የምትጨነቀው ለአየሩ ነው፤ ለኪሳችሁ አይደለም። ዘይት ሲያልቅ የምትበራው ሌላዋ፣ ቀይዋ ናት። ቢጫዋ ዝም ብላ ከበራች ቤታችሁ ግቡና ተረጋግታችሁ አስነብቡ፤ የመለዋወጫ ሱቆች ብዙዎቹ በነፃ ያነባሉ። ከ1996 ወዲህ ባለ መኪና ላይ እየነዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሞተሩ ክፉኛ እየዘለለ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ኮንቨርተሩን እያቃጠለው ነውና 635 ሀይዌይን እጨርሳለሁ አትበሉ። ዳር ያዙ።

የቦሎውን ነገርማ ተዉት። ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1፣ 2025 ጀምሮ የቤት መኪናን የፍሬንና የጎማ ምርመራ አስቀርታለች። ምርመራው ቀረ፤ 7 ዶላር ከ50 ሳንቲሙ ግን በሌላ ስም አሁንም ይከፈላል። የጭስ ምርመራው በዳላስ፣ በታራንት፣ በኮሊን፣ በዴንተንና በሌሎች የዙሪያችን ካውንቲዎች እንዳለ ነው፤ እሱም የሚመለከተው ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 24 ዓመት የሆኑ የቤንዚን መኪኖችን ነው። ኮሮላዬ ከዚያ አልፋለች። እንግዲህ ፍሬኗን የሚጠይቅ የለ፣ ጭሷን የሚጠይቅ የለ። ነፃነት ነው ይሉኛል። እኔ ግን ደኅና የምታጨስ መኪና ይዤ ጭሷን የሚያይልኝ መንግሥት ማጣቴ ያናድደኛል።

የእህቴ ልጅ መኪና ግን የ2008 ስለሆነች አላመለጠችም። ፒ0456 በርቶባት በምርመራው ግቢ ውስጥ ቆሞ በስልኩ አጠፋውና ዘና ብሎ ገባ። መብራት ሲጠፋ ግን የመኪናው የራስ ምርመራ ውጤትም አብሮ ይጠፋል፤ ማሽኑ ይህን ያያል። ለ2001ና ከዚያ ወዲህ ላሉ ሞዴሎች ያልተጠናቀቀ ምርመራ ከአንድ በላይ ከሆነ «ነድተህ ና» ብሎ ይመልሳል። መለሰው። ፒ0456 ማለት እኮ የቤንዚን ትነት በትንሹ ይሾልካል ማለት ነው። ሄጄ የታንኩን ክዳን ብከፍተው ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል። አዲስ ክዳን አስገዛሁትና ታንኩን ግማሽ አካባቢ አድርጎ ከተማም ሀይዌይም እንዲነዳ፣ ሌሊቱንም እንዲያሳድራት ነገርኩት። መኪናው ራሱን መርምሮ እስኪጨርስ ቀናት ይወስዳል፤ ልጁ ግን በየማታው ይደውልልኛል።

«ጋሼ፣ አሁንም አልጨረሰችም።»

«ንዳ።»

ወሬው ሲሰማ ሰው በዛብኝ። ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ የሚጠብቁኝ አሉ፤ ኮፈን ከፍተው፣ ተሰልፈው። ስለዚህ ሥርዓት አውጥቻለሁ። ኮድ ላስነብብ የሚል ቅዳሜ ከምሳ በፊት ይምጣ። መኪናውን ጥላ ሥር ያቁም፣ ራዲዮውን ይዝጋ፣ ኤሲውን ያጥፋ። የ2015 መኪና ላይ ኮድ ለማንበብ ኤሲ መጥፋት አለበት ወይ ብትሉኝ፣ የለበትም። ግን ያጥፉት።