ጂኒና የልብስ ገመድ

አስፈሪ ፊልም ጣሪያ ይፈልጋል። ግንቦት ላይ ድሬዳዋ ውስጥ ጣሪያ ሥር የሚተኛ ማነው አቦ? አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፣ አጎበር ይታሰራል፣ አከራይም ተከራይም አንድ ሰማይ ለብሶ ያድራል። እኔም ገንደ ቆሬ ያለው ግቢያችን ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አቁሜ «አንደር ዘ ሻዶው»ን ከፈትኩ።

ባባክ አንቫሪ የሠራው ፊልም ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። ቋንቋው ፋርስኛ፣ ታሪኩ ቴህራን፣ የተቀረፀው ግን አማን፣ ዮርዳኖስ። ዘመኑ 1988 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኢራንና የኢራቅ ጦርነት ስምንት ዓመት ሊደፍን ሲቃረብ፣ ሳዳም ቴህራን ላይ ሚሳኤል በሚያዘንብበት ሰሞን። ሺዴ በፖለቲካዋ ምክንያት ከሕክምና ትምህርት ተባርራለች። ሐኪም ባሏ ግንባር ሲዘምት ከትንሽ ልጇ ጋር ትቀራለች። ከላይ ያለው ፎቅ ላይ ሚሳኤል ይወድቅና ሳይፈነዳ ይቀራል፤ የእሷ ጣሪያ ግን ይሰነጠቃል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጂኒ ገባው።

ፊልሙን የወደድኩት እናትየዋን መግቢያ ስላሳጣት ነው። አንድ ሌሊት ልጇን ታቅፋ ከጂኒው አምልጣ መንገድ ብትወጣ፣ ጠባቂዎች «ፀጉርሽን አልሸፈንሽም» ብለው ያስሯታል። ቤት ጂኒ፣ ደጅ ዘብ፣ ሰማይ ላይ ሚሳኤል።

ጂኒው በነፋስ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ቀንድም ጥፍርም የለውም፤ አየር ላይ የሚንሳፈፍ አበባ አበባ ያለው ሰፊ ጨርቅ ነው። ልክ እሱን እያየሁ ከደቻቱ ወንዝ በኩል ነፋስ ተነሣ። መብራት ሄደ። ሽንቴም መጣ።

መጸዳጃ ቤቱ ግቢው ጥግ ነው። በእግሬ ስዳብስ አንድ ነጠላ ጫማ አገኘሁ፣ ሌላው የለም። በፊልሙ ጂኒ ሰው ላይ ሲጣበቅ የሚወደውን ዕቃ ይወስድበታል፤ ሕፃኗም አሻንጉሊቷን ያጣችው እንደዚያ ነው። ጫማዬን ያን ያህል አልወደውም፤ ጂኒው ግን ይሄን በምን ያውቃል?

እያነከስኩ ስሄድ እርጥብ ነገር ፊቴ ላይ ተለጠፈ። «አዑዙ ቢላሂ!» አልኩ፤ ወዲያው «በስመ አብ!» አስከተልኩ፤ የትኛው እንደሚሠራ ለመለየት ጊዜ አልነበረኝም። ጨርቁን ሳልለቅ ወደቅኩ። ገመዱ ተከተለኝ፣ ምሰሶው ገመዱን ተከተለ፣ የውሃው በርሜል ደግሞ ብቻዬን አልቀርም አለ። «ሌባ! ሌባ!» ግቢው ሁሉ ባትሪ እያበራ ተነሣ። ጭቃ ውስጥ የአከራያችንን የእትዬን ሽቲ ተጠምጥሜ ነበር።

«ምን አየህ?»

«ጂኒ፣ እትዬ።»

«የኔ ሽቲ?»

ጠዋት ልብሱን በሙሉ ደግሜ አጠብኩ። እትዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እየተቆጣጠሩ «እስቲ ያንን ጂኒህን አሳየኝ» አሉ። ስልኩን የኦሞው ካርቶን ላይ አስደግፌላቸው፣ ከሳፋው ሳልነሣ እየተረጎምኩ አሳየኋቸው። ጦርነትን እሳቸውም ያውቁታል፤ የሶማሊያ ጦር ነሐሴ 1969 ዓ.ም. በታንክ ድሬን ሊይዝ ሲመጣ እትዬ የአባታቸውን ምሳ ወደ ምድር ባቡር የሚያመላልሱ ልጅ ነበሩ። ድሬ አልተያዘችም። ጅጅጋ ግን መስከረም ላይ ወደቀች፤ ካራማራ እስኪመለስ የካቲት 1970 ደረሰ።

«ያኔ ጂኒ ነበር?» አልኳቸው።

«የት ነበር! ጂኒዎቹ ጄቱ ከአየር ማረፊያው ሲነሣ ሰምተው ወደ ጅቡቲ ሸሹ። ሐዲዱ ተበጥሶ ባቡር ስላልነበረ በእግራቸው።»

ባልየው ደውሎ «ወላጆቼ ዘንድ ሂጂ» ሲላት ሺዴ እምቢ የምትልበት ቦታ ደረስን። እኔ እዚህ ላይ ሁሌ እናደዳለሁ። «ምን ዓይነት ግትር ናት!» አልኩ።

እትዬ ዓይናቸውን ከስልኩ አልነቀሉም። «እናቴም እምቢ ብላለች። አባቴ አሰበ ተፈሪ ዘመድ አለን፣ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ ቢላት፣ ዶሮ አስታቅፌያለሁ አለችው።»

«ለዶሮ ብለው ቀሩ?»

«ታዲያ ማን ይጠብቃት? መድፉ ሲጮህ እየበረገገች ትነሣለች፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። እናቴ አልጋ ሥር ከኛ ጋር አስገብታ በእጇ ይዛት ታድር ነበር።»

«ስንት ተፈለፈለ?»

«ዘጠኝ። አንዱን ጭልፊት ወሰደው።» ጣታቸውን ወደ ሳፋው ቀሰሩ። «አንገቱ ጋ ጭቃው አልለቀቀም፤ እሸው።»