የቲሸርት ጉብኝት

ቬኒስ የሞኝ ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. በተመረጡ ቀናት፣ ጠዋት ገብቶ ማታ ከሚወጣ ጎብኚ 5 ዩሮ መቀበል ጀመረች። እንግዳ በዛብኝ ብላ ማልቀሷ ሳያንስ ለለቅሶዋ ደረሰኝ ቆረጠች። እኛ ግን የእንግዳ ክብር እናውቃለን። ድሬዳዋን ሊጎበኝ የመጣን ሰው ቲሸርትና ኮፍያ አልብሰን፣ የታሸገ ውሃ አስይዘን፣ ምሳ አብልተን እንሸኘዋለን። ከተማዋን አየ ወይስ አላየ የሚል ነውረኛ ጥያቄም አናነሳበትም።

እኔ የሁርሶ ሰው ነኝ። ሁርሶ ከድሬ በስተምዕራብ፣ በድሮው ባቡር መስመር ላይ ናት፤ ስሟ ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው ወታደራዊ ማሰልጠኛው ብቻ ነው። ጎብኚ ስለማይደርስባት ጎብኚነትን ልማር ወደ ድሬ ወረድኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ተሳታፊዎቹ ባሰናዳው ጉብኝት ላይ አንድ ወንበር ተርፎ ተሳፈርኩ። ቲሸርቱ ሰፋኝ። ቢሆንም የነጻ ልብስ ጥበትም ስፋትም የለውም።

መጀመሪያ የተወሰድነው ለገሃሬ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ነበር። ከአውቶቡስ እንደወረድን ባነር ተዘረጋ። አንዱ ጫፍ እየተጣጠፈ አስቸገረና እሱን ለማቃናት 11 ደቂቃ ፈጀ፤ ሰዓቴን አይቻለሁ። ከዚያ አጫጭሮች ከፊት፣ ረጃጅሞች ከኋላ፣ የቡድኑ መሪ መሐል። ካሜራ የያዘው ልጅ «ከፍ አድርጉት፣ ጽሑፉ ይታይ!» እያለ ባነሩን አስነሳው፣ አስነሳውና ጣቢያው ከጀርባችን ጠፋ። ፎቶው ደርሶኛል። ጥርት ያለ ነው፤ ባነሩና እኛ አለን።

በሩ ጥላ ሥር ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ተቀምጠዋል። ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ፦ ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ የተራራው ወጪ ስለከበደ ከሥሩ ቀረ፤ ሰፈሩንም ያኔ አዲስ ሐረር አሉት፤ አዲስ አበባ እስኪገባ ደግሞ 1909 ዓ.ም. ሆነ፤ ኩባንያውም በመሐል ከሰረ። «ግቡና ፉርጎዎቹን ላሳያችሁ፣ ወርክሾፑም አለ፣» ብለው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«አባባ፣ ሰዓት ሄደብን፣» አላቸው አስተባባሪው።

«አቦ! እኔ 34 ዓመት ሙሉ ሰዓት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእናንተው ሰዓት ምን ነክቶት ነው?»

መልስ የሰጣቸው የለም። አውቶቡሱ ጡሩንባ ነፍቷል።

በመርሐ ግብሩ ላይ «የዋሻ ጉብኝት» የሚል ነበረበት፤ ተፈጽሟልም። አስጎብኚው በመስኮት እጁን ወደ ኮረብታው ዘርግቶ «በዚያ በኩል ዋሻ አለ» አለን፤ እኛም በዚያ በኩል አየን። ፖርክ ኤፒክ ይባላል፣ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1929 ፈረንሳዮቹ ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው ቀይ አፈር ለቀለም ይፈጩ ነበር፤ ከ4,000 በላይ የአፈሩ ስባሪ ከዋሻው ወጥቷል። ምስኪኖች! ባነር የሚያሳትሙበት ቢያገኙ ኖሮ እዚህ መኖራቸውን ለማስታወቅ ያን ያህል ባልደከሙ። የለገ ኦዳን የዋሻ ሥዕሎች ደግሞ በተሰጠን ብሮሹር ላይ አየናቸው። ጥሩ ወረቀት ነው።

ደቻቱን በድልድይ ስንሻገር አንዱ አሸዋውን አይቶ «ወንዙስ የታለ?» ብሎ ሳቀ። ሾፌሩ የድሬ ልጅ ነው፤ አልሳቀም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ያ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። በብሮሹሩ ላይ ግን ስላልነበረ አልፈነው ሄድን።

ቡድኑ ጊዜ ሰጥቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ጨርቁን ዳስሶ በጥልቀት ያጠናው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ታይዋን ገበያ። 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ! እዚያ ሰዓት ሄደብን ያለ የለም። አስጎብኚያችን ጠዋት «ቅርስ ማለት የሚወረስ ነው» ብሎን ነበር፤ እውነቱን ነው፤ የአንዷ ባልደረባችን ብርድ ልብስ ስትመለስ ኬላ ላይ ተወርሷል። ከዚያ ምሳ። ከምሳ በኋላ ከዚራ ሰፈርን በዛፎቿ ጥላ ሥር በእግር መሄድ ነበረብን፤ ሙቀት ነው ተባለና ዛፎቹን ከመስኮት ተሰናበትናቸው። ማታ ሐረር ላይ ጅብ ማብላት አለ፤ የደንገጎን ዳገት በጊዜ መውጣት ያስፈልጋል። ሽማግሌ ቢጠብቅ ይጠብቃል፤ ጅብ ማስጠበቅ ግን ነውር ነው።

በሳምንቱ ሪፖርቱ ወጣ። ተሳታፊዎቹ «የከተማዋን የመስህብ ሀብቶች ተዘዋውረው በመጎብኘት ባዩት ነገር መደነቃቸውን» ይገልጻል። እኔም ተደንቄያለሁ፤ ስለዚህ ቃሉ ሐሰት አይደለም። ሪፖርቱ ሌላም ነገር አለው፤ የዘርፉ ችግር የማስተዋወቅ ሥራ ማነስ ስለሆነ በሚቀጥለው ዙር የባነሩ ስፋት በእጥፍ እንዲጨምር ይመክራል።

አሁን ሁርሶንም መስህብ ለማድረግ አስቤያለሁ። ባቡር ከቆመ ቆይቷል፤ ሽማግሌዎች ግን አሉን፣ ጥላም አለን፣ ወሬያቸውን ማቋረጥም ይቻላል። የጎደለን ባነር ብቻ ነው። ምዝገባ ጀምሬያለሁ፤ የምትመጡ ስማችሁንና የቲሸርት ልካችሁን ላኩልኝ።