እኛ ቤተሰብ ነን

በመካኒሳ የብረታ ብረት ቤቶች አመራር የሚጀምረው ከቁልፍ ነው። የበሩ፣ የመጋዘኑና የመሳቢያው ቁልፎች በአንድ ቀለበት ተሰክተው በባለቤቱ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላሉ። ባለቤቱ ለቅሶ ከሄደ ብየዳው ይቆማል፤ ኤሌክትሮዱ ተቆልፎበታላ። ይህ አሠራር «ሥራን በቅርብ መከታተል» የሚል ስም አለው።

ስብሰባ የሚጠራው ቅዳሜ ማታ፣ ሠራተኛው ታጥቦ ልብሱን ከቀየረ በኋላ ነው። «ሐሳብ ስጡ» ይባላል። ሐሳብ የሰጠ ግን ሰኞ ጠዋት «ይሄ ልጅ አፉ በዛ» ተብሎ ይነሳል። ስለዚህ የቆየ ሠራተኛ «ሁሉም ጥሩ ነው» ብሎ ይቀመጣል፤ የቡድኑ አንድነትም በዚሁ ይጸናል። ገንዘቡን የባለቤቱ የእህት ልጅ ይይዛል፤ ሒሳብ ስለሚችል ሳይሆን የእህት ልጅ ስለሆነ።

የቡድን ግንባታው ቁንጮ «እኛ ቤተሰብ ነን» የምትለው ንግግር ናት። ጾም ከሆነ በበያይነቱ፣ ካልሆነ በጥብስና በድራፍት ታጅባ ትቀርባለች፤ በዓል ተቃርቦ የደንበኛው በርና መስኮት ሲከማች ደግሞ አዘውትራ ትሰማለች። ቤተሰብ ሲያመሽ ይጋበዛል እንጂ አይከፈለውም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ዝምድና አያውቀውም። መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። የቀን ትርፍ ሰዓት ከመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራው ትርፍ ሰዓት ደግሞ 2.5 እጥፍ ይከፈልበታል። ጥብስ አልተጠቀሰም።