የምክር ስንቅ

እህቴ ስትደውል ለሰላምታ ሁለት ደቂቃ፣ ለከብቶቹ ሦስት ደቂቃ፣ ለልጇ ደግሞ ካርዷ እስኪያልቅ ታወራለች። "ወንድምዓለም፣ አደራህን! አንተ የተማርክ ነህ፤ ሂድና ምከርልኝ" አለችኝ በጥቅምት መባቻ። የተማርኩ መሆኔን የሚያምን ሰው ከእሷ በቀር ስለሌለኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ልጅቱ 12ኛ ክፍል ናት። እንደ ብዙው የፎገራ ገጠር ልጅ ወረታ ላይ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታለች። ዓርብ ከትምህርት ስትወጣ በእግሯ አገር ቤት ትወርዳለች፤ እሑድ ማታ እንጀራ፣ ድርቆሽና ሽሮ ተሸክማ ትመለሳለች። እንጀራው ሩዝ ተቀላቅሎበታል። ሰኞ ይጠቀለላል፤ ሐሙስ ላይ ይሰበራል።

እኔ ስንቅ አልያዝኩም፤ ምክር ይዤ ሄድኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሺ አልኳት። ስልክሽን አጥፊ፤ ፕሮግራም አውጪ። በዚያው በኩራዝ እንዳጠናሁና ጢሱ አፍንጫዬን እንዳጠቆረው አወራሁላት። እርግጥ የተማርኩበት ቤት መብራት ነበረው፤ ግን ኩራዝ የሌለበት ምክር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው።

"ፕሮግራምስ አለኝ፣ ጋሼ" አለችና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ። መስከረም ላይ "ርብ" ይላል።

"ርብ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?"

"ወንዙ ነው፣ ጋሼ። ሲሞላ መንገድ የለም።"

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ በረጅም መስመር "አጨዳ" ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ያለው "ሽንኩርት" ነው። ሒሳብና ፊዚክስ በየመሐሉ እንደ ጓያ ተሰግስገዋል። ጓያ እዚህ የሚዘራው ሩዙ ሳይነሳ ነው፤ በተረፈው እርጥበት ይበቅላል። የዚህች ልጅ ትምህርትም የሚበቅለው በተረፈው ነው።

ጊዜዋን በሚወስደው ሩዝ መፍረድ ግን ይከብደኛል። ረባዳው ሜዳ ከሩዝ በፊት በክረምት ውሃ ይተኛበት፣ በበጋ የፎገራ ከብት ይግጥበት ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግና ላይ ሩዝ ሞከሩ፤ ዛሬ "ኤክስ ጅግና" የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ቀበሌ ነው። አሁን የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከል እንኳ ያለው ወረታ ነው። ሩዙ የእህቴን ቤት ቆርቆሮ አልብሶ የልጇን ኅዳር ወሰደ።

ወደ ቤት ስመለስ ነገሩን ለቡና ጎረቤቶቼ አነሳሁት። ስንት ሐኪም ነበር እባካችሁ! አንዷ የጣና ዓሣ ትብላ አለች፤ ጭንቅላት ይከፍታል። ሌላው አብሾ አዘዘ። የቅኔ ተማሪ ትምህርት እንዲገባው ይጠጣዋል የሚባለው፣ ሲበዛ ግን ባለቅኔውን ጨርቅ የሚያስጥለው አብሾ! ልጅቱ እንግሊዝኛ እንጂ እብደት አልጎደላትም።

እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚጠና አለማወቃቸው ግን ይደንቀኛል፤ ደቡብ ጎንደር እኮ ነን። ድጓ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ የሚባልበት አገር ነው። ደበሎ ለባሹ የአብነት ተማሪ ቀን በአኩፋዳው ቁራሽ ይለምናል፤ ማታ የተቀበለውን ቃል እየደጋገመ ይቀጽላል፤ ከዚያ መጽሐፉ ተከድኖ ይጠየቃል። ያወቀው ደግሞ ለጀማሪው ያስቀጽላል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እየሸመደደ፣ ሰው ያጠናውን ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳና መድገም ምን ያህል እንደሚያግዝ ለክቶ ያሳተመው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። የኔታ ይህን ያለ ጀርመን ያውቁታል። የእኛ ልጆች ግን ደብተር ገልጠው ያሰምሩበታል፤ ገጹ ቢጫ ሲሆን ያጠኑ ይመስላቸዋል።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ቁጥር ይዤ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ ከ2015ቱ 3.2፣ ከ2016ቱ 5.4፣ ከ2017ቱ 8.4 በመቶ መሆናቸውን ዘረዘርኩላት። ላስፈራራት ነበር።

"ጋሼ፣ አንተ በማትሪክ ስንት አመጣህ?"

"በእኛ ጊዜ አቆጣጠሩ ሌላ ነበር" አልኩ። ይህ እውነት ነው።

"ከአራት ነበር አይደል? ከአራት ስንት?"

ጀበናው ሊገነፍል ነው ብዬ ተነሳሁ። አልተጣደም ነበር።

ማረችኝ። "ይልቅ ደብተሬን ያዝና ጠይቀኝ" አለች። ባዮሎጂ ነበር፤ ጥያቄውን ሳነብ ቃሉን አራት ጊዜ ሰበርኩት። እሷ አረመችኝ፣ መለሰች፣ የሳተችውን ለብቻ ጻፈች፤ እሱን ነገ ትጀምርበታለች። እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንዲሁ ስንል ቆየን። አንድም ምክር አልሰጠሁም፤ አንድ የማያውቅ ሰው ደብተር ይዞ መቀመጡ ብቻ በቂ ነበር።

ማታ እህቴ ዘንድ ደወልኩ።

"መከርካት?"

"አንቺን ልምከር። ባልሽ በየገበያው ቀን ወረታ ይመጣል፤ ስንቋ በአህያው ይምጣ። ልጅቱ ዓርብና እሑድ መንገድ ላይ አትድከም። አጨዳ ሲደርስም የቀን ሠራተኛ ይቀጠር።"

ዝም አለች። ካርዷ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

"የአህያውስ ይሁን" አለች በመጨረሻ። "ለቀን ሠራተኛው ማን ይከፍላል፣ ወንድምዓለም?"

የተማረው ሰው ይከፍላል። እንግዲህ ከኅዳር ጀምሮ በርብ ዳር ለሦስት ሳምንት የሚያጭድ ብርቱ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ላኩልኝ። ምሳ በእኔ ነው፤ ሩዝ ነው።