የዘጠነኛው ምድብ ክቡራን

የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ወዲህ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ትኬቱም የሚቆረጠው በፈረንጅ ነው) በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ በኳስ ውድድር አበሻን ያሰባስባል። የዘንድሮው ከተማ ከታወቀ በኋላ በየቡናው የሚነሳው ጥያቄ ግን ዋንጫውን ማን ይወስዳል የሚለው አይደለም። «በምን ትሄዳለህ?» ነው። መልሱ ሰውን ያስመዝናል። «በፍሮንቲየር» የሚል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ትኬቱን የቆረጠችለት ልጁ እንደሆነችም ቶሎ ያክላል። «በዴልታ» የሚል ግን መጀመሪያ ስኒውን ያስቀምጣል፤ ቃሉን ከተናገረም በኋላ ሁሉም ሰምቶት እንደሆነ ዞር ዞር ብሎ ያያል።

ለእነዚህ ስኒ አስቀማጮች ጥብቅና ልቆምላቸው እፈልጋለሁ። ጎልድ፣ ፕላቲነም፣ ዳይመንድ የሚባል ማዕረግ የላቸውም። በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ይበራሉ። ቢሆንም በርካሽ አውሮፕላን መታየት ለክብራቸው አይመጥንምና እጥፍ ይከፍላሉ። ይህን ታላቅነት ዘመድ እንኳ አልተረዳላቸውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተሯን ከፍታ «ጋሼ፣ በዚችኛዋ 89 ዶላር አለ፤ በዚያኛው 240 ነው» አለቻቸው።

«በዚችኛዋማ አልሄድም። ሰው ይሳቅብኝ?»

«ማን ያይዎታል? ሁሉም እኮ ተኝቶ ነው የሚሄደው።»

«እግዜር ያያል።»

ልጅቷም ተስፋ ሳትቆርጥ ወደ ታች ወረደችና እዚያው በተከበረው አየር መንገድ ላይ 190 ዶላር አገኘች። ቤዚክ ኢኮኖሚ ነው፣ ወንበር አይመረጥበትም፣ ቀን ቢቀየር ጣጣ አለው ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ጋሼም «አውሮፕላኑ ያው አይደል እንዴ? ቁረጪው!» አሉ።

አውሮፕላኑስ ያው ነው። ነገሩን ላልሰማ ግን ታሪኩ እንዲህ ነው። ስፒሪትና ፍሮንቲየር መቀመጫዋን ብቻ ሸጠው፣ ሻንጣውንም ውኃውንም ወንበር መምረጡንም ለየብቻ ማስከፈል ያዙ። ሕዝቡ እየተሳደበም ቢሆን ጎረፈላቸው። ታላላቆቹ አየር መንገዶች መጀመሪያ ናቁ፣ ቀጥለው ተናደዱ፣ በመጨረሻ ኮረጁ። ዴልታ በ2012 ገደማ ጀመረው፤ ዩናይትድና አሜሪካን በ2017 ተከተሉት። ቤዚክ ኢኮኖሚ የተወለደው እንዲህ ነው። ዩናይትድ በአገር ውስጥ በረራ የዚህ ትኬት ባለቤት ከፊቱ ወንበር ሥር የምትገባ ቦርሳ ብቻ ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል፤ ከዚያ ከፍ ያለች ሻንጣ ከያዘ ይከፍላል። ይህ ደግሞ አስቀድሞ የፍሮንቲየር ሕግ ነበር። ስለዚህ ጋሼ ከሚንቁት አውሮፕላን ሸሽተው፣ መቶ ዶላር ጨምረው፣ ቀለሙን ቀይሮ በጠበቃቸው በዚያው አውሮፕላን ላይ ተሳፈሩ ማለት ነው። ክብር ርካሽ ነው ያለ ማነው?

የክብሩ ማማ ያለው ግን በሩ ላይ ነው። በአሜሪካን ኤርላይንስ ሥርዓት ሰው የሚገባው በዘጠኝ ምድብ ተከፍሎ ነው። ቁጥር ከመጠራቱ በፊት ስማቸው በሹክሹክታ የሚነሳ ጥቂቶች አሉ፤ እነሱ ቀድመው ይገባሉ። ከዚያ አንደኛ ማዕረግ የተቀመጡት፣ ከዚያ ባለማዕረጎቹ እንደየደረጃቸው፣ ከዚያ የአየር መንገዱን ክሬዲት ካርድ የያዙት፣ ከዚያ ከማንም ያልሆኑት እየተጠሩ ያልፋሉ። ዘጠነኛው የቤዚክ ኢኮኖሚ ነው። ይህንን ሁሉ ሰልፍ ቆሞ መሸኘት ትልቅ መስተንግዶ ነው። ሰው ሁሉ እየገላመጠዎ ያልፋል፤ እርስዎም ማን በማን እንደሚበለጥ አገላብጠው ያጠናሉ። በመጨረሻ ሲገቡ ከላይ ያለው የሻንጣ ሣጥን ሞልቶ ተዘግቷል፣ ሻንጣዎንም ተቀብለው ወደ ታች ይልኩልዎታል። በነፃ ነው! ከዚህ በላይ አክብሮት የት ይገኛል?

አያቶቻችን ይህን ያውቁታል። በምኒልክ የግብር አዳራሽ መኳንንቱ ቀድመው ገብተው፣ ጠጁም ሥጋውም ቀርቦላቸው ሲያበቁ መጋረጃው ይገለጥና ተራው ወታደር በፈረቃ ይገባ ነበር። ልዩነቱ ጥቂት ነው። እዚያ በመጨረሻው ፈረቃ የገባውም ሰው ጥሬ ሥጋውን ቆርጦ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ንጉሡን መርቆ ይወጣል። ወንበር ለመምረጥ የከፈለም አልነበረም። በዚህኛው ግብር ዘጠነኛው ፈረቃ የሚደርሰው ሁለት ብስኩት ነው።

ብስኩቱን አልንቅም። ዴልታ የሚያድለውን የቀረፋ ብስኩት ብዙ አበሻ ሳይበላው በኪሱ ይዞ ይወርዳል፤ ለልጅ ይሆናል። ግን ሒሳብ እንሥራ ከተባለ፣ አንዱ ብስኩት ሃምሳ ዶላር አካባቢ ወጥቶበታል። መሐል ወንበር ላይ፣ ግራና ቀኝ ክንድ ማሳረፊያ ተነጥቆ፣ ጉልበትን አገጭ ላይ አስደግፎ የተበላ ብስኩት በዚያ ላይ ምን እንደሚጣፍጥ መቼስ እናውቃለን።

«ማይሉስ?» የሚሉኝ አሉ። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር። የማይል ቁጥሩን እንደ ትምህርት ቤት መታወቂያው በቃሉ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ትኬት በተቆረጠ ቁጥር «ቁጥሬን አስገቢልኝ» ሳይል አይተኛም። ዴልታ ከ2022 ጀምሮ ለቤዚክ ኢኮኖሚ አንድም ማይል አይሰጥም። ቁጥሩን ግን ይቀበላል፤ ማስታወቂያ የሚልክበት አድራሻ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያዋን ማዕረግ፣ ሲልቨርን፣ ለማግኘት በዓመት 5,000 ዶላር ማዋጣት ነው፤ ዳይመንድ ለመባል 28,000። በዓመት አንድ የ190 ዶላር ትኬት የሚቆርጡት ጋሼ፣ ቤዚኩም ቢቆጠርላቸው፣ የአንድ ዓመቱን ሲልቨር ለመሙላት ሃያ ስድስት ዓመት ያህል ይበቃቸዋል። ችግሩ ሒሳቡ በየዓመቱ ከዜሮ መጀመሩ ነው።

አየር መንገዶቹስ ከማይሉ ምን ያገኛሉ? ዴልታ በ2024 ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ጋር ካለው የካርድ ውል ብቻ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። ያ ገንዘብ ቡና ቤትም፣ ነዳጅ ማደያም፣ እንጀራ የምንገዛበትም ሱቅ ውስጥ ካርድ ከሚገርፍ ሰው የመጣ ነው። እኛ ማይል እየሰበሰብን መስሎን ነበር፤ ሰብሳቢዎቹ ሌሎች ናቸው።

ለርካሾቹም ፍቅር የለኝም። ኖቬምበር 2024 ላይ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ያወጣው ሪፖርት እንዳለው፣ ፍሮንቲየርና ስፒሪት በ2022 እና በ2023 ብቻ ከልክ ያለፈ ቦርሳ የያዘ መንገደኛ በር ላይ ለሚይዙ ሠራተኞች 26 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ከፍለዋል። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ቦርሳዎን የምታየው ለደኅንነትዎ ብላ አይደለም ማለት ነው። አጠገቧ የቆመው የብረት ቀፎም ሥራ አለው፤ ቦርሳው ካልገባለት እስከ መቶ ዶላር ድረስ ያስከፍላል።

ቀፎው ሲሸነፍም አይቻለሁ። አንዲት እናት ለወንድማቸው ቤት ድፎ ዳቦ ጋግረው ተነሥተዋል፤ ቦርሳቸው በድፎው ምክንያት ቀፎው ውስጥ አልገባ አለ። ልጅቷ የክፍያ ማሽኗን ስታወጣ እትዬ ድፎውን መዘዝ አደረጉና በነጠላቸው ጠቅልለው ታቀፉት። ቦርሳው ያለ ችግር ገባ። ልጅቷ ጥቅሉን በሐዘኔታ አየችና ስንት ወሩ እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ እንግሊዝኛው አልገባቸውም፤ ፈገግ ብለው «ጌታ ይስጥሽ» አሏት፣ አለፉ። ዳቦው ከ2 ዓመት በታች ነበርና በጭን ላይ በነፃ በረረ።

ይህ ብልሃት በተከበረው አየር መንገድ ላይ አይፈጠርም፤ እዚያ ሰው ለመከበር ስለሚሄድ አይጣላም። ርካሹ አስቀድሞ «ድሃ ነህ፤ ክፈል» ይልዎታል። የተከበረው «እንኳን ደህና መጡ» ይልዎትና ያስከፍልዎታል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ2008 ለመጀመሪያው ሻንጣ 15 ዶላር መጠየቅ ሲጀምር ሰው ጉድ አለ፤ ዛሬ እሱ ዋጋ ምሕረት ነው። ሻንጣ በነፃ እናሳፍራለን እያለ ለዓመታት ሲፎክር የኖረው ሳውዝዌስት እንኳ በሜይ 2025 መጨረሻ እጁን ሰጠ። ያው የሴኔት ሪፖርት አሜሪካን፣ ዴልታ፣ ዩናይትድ፣ ፍሮንቲየርና ስፒሪት ከ2018 እስከ 2023 ከወንበር መምረጫ ብቻ 12.4 ቢሊዮን ዶላር እንደሰበሰቡ ይናገራል። ሪፖርቱ አምስቱንም በአንድ መስመር ላይ ነው ያስቀመጣቸው፤ እኛ ነን እያማረጥን ያለነው።

የሚያማርጥ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱ ደግሞ በቡና ላይ አይነሳም። አውሮፕላኑ ቢቀርስ? ታላላቆቹ ወደ ብዙ ከተሞች በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚበሩ የጠዋቱ ቢሰረዝ ማታውን ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንዳንዴ በሌላ አየር መንገድ ላይም ያስቀምጡዎታል። ርካሹ ወደዚያ ከተማ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የሚበር ከሆነ፣ ሠርጉ ቅዳሜ ሆኖ የሚቀጥለው በረራ ማክሰኞ ነው። ገንዘብዎ ይመለሳል፤ ሙሽሪት ግን አትጠብቅም። ያ ብቻ ነው ተጨማሪ የሚያስከፍል ምክንያት፤ እሱም ሁልጊዜ አይሠራም። በጁላይ 2024 የክራውድስትራይክ ኮምፒውተር ብልሽት የተፈጠረ ጊዜ ዴልታ በአምስት ቀን ውስጥ 7,000 ያህል በረራ ሰርዟል። ስኒ አስቀማጩም ስኒ የማያስቀምጠውም ያን ሰሞን መሬት ላይ አብረው አደሩ። በሌላ ወገን ስፒሪት በኖቬምበር 2024፣ እንደገና ደግሞ በኦገስት 2025 የኪሳራ ማመልከቻ አስገብቷል፤ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ድርጅቱ እስከ ሠርጉ ይኖር ይሆን ብሎ መጠየቅም ነበረ።

የሚገርመኝ፣ ይህ ሕዝብ ሒሳብ የማያውቅ አለመሆኑ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሆን ሁላችንም የጉምሩክ ሠራተኛ ነን። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ ሚዛኑ መኝታ ቤት ተሰቅሎ፣ የሕፃን ልብስና ቫይታሚን በግራም ተከፋፍሎ፣ የተረፈው ጃኬት ኪስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል። እዚያ ላይ ስለ አየር መንገዱ ስም የሚያወራ የለም፤ ወሬው ኪሎ ነው። ያው ሰው ከዳላስ ወደ አትላንታ ሁለት ሰዓት ለመብረር ሲነሣ ግን ሚዛኑን ጥሎ ክብሩን ያነሣል።

እንግዲህ ክብሩን እንዲያው ባዶውን መተው ነውር ከሆነ አንድ ሐሳብ አለኝ። አየር መንገዶቹ በረራውን ትተው ማዕረጉን ብቻ ይሽጡልን። ሻንጣ ላይ የሚንጠለጠል ወርቅማ መለያ፣ «ፕላቲነም» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ 20 ዶላር። ቡና ላይ ስኒ ሲቀመጥ አብሮ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ የቦርዲንግ ፓስ ፎቶ ኮፒ፣ «ምድብ 1» የሚል፣ 15 ዶላር። ሰው በፍሮንቲየር ሄዶ በማዕረግ ይመለሳል፤ ከ190ውም መቶ የሚሆነው ለኳሱ መግቢያና ለክትፎ ይተርፋል። ጋሼን ጠይቄአቸዋለሁ፤ መለያውን ወደውታል፤ ግን በ20 ዶላር የሚሸጥ ፕላቲነም ሰው ርካሽ ነው ይላል ብለው ሰግተዋል። 60 ቢሆን ይገዛሉ።